እንግሊዝ ፍልስጤምን ማስተዳደር ለምን አቃታት?

የታሪክ መደርደሪያ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ ሲያከራክረን የኖረ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እንግሊዝ ፍልስጤምን ከ1917 እስከ 1948 ገዛች። ስትወጣ ሥልጣን የምታስረክበው መንግሥት አልነበረም። ህንድን ስትለቅ እንኳ፣ ያ ሁሉ ደም እየፈሰሰ፣ ሥልጣኑን የተረከቡ ሁለት መንግሥታት ነበሩ። ፍልስጤም ላይ ግን ባንዲራዋን አውርዳ ሄደች፣ በቃ። ለምን?

አብዛኛው ሰው ከሁለት መልስ አንዱን ይሰጣል። ወይ «ከፋፍለህ ግዛ ነው» ይላል፣ ወይ «ለአረቡም ለአይሁዱም ቃል ገብታ ሁለቱንም ከዳች» ይላል። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ዋናውን ነገር ግን አይነኩትም ባይ ነኝ።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። በጁላይ 1922 የመንግሥታት ማኅበር ለእንግሊዝ የሞግዚት አስተዳደር፣ ማለትም አገሩ ራሱን እስኪችል የማስተዳደር ሥልጣን፣ ሰጣት። ሰነዱ ሁለት ግዴታ ጣለባት። አንደኛው የአይሁድ ብሔራዊ መኖሪያ እንዲመሠረት ሁኔታውን ማመቻቸት ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርባቸውን ተቋማት ማሳደግ ነው። አሁን የዚያን ዓመት የሕዝብ ቆጠራ ተመልከቱ፤ በአገሩ 757 ሺህ ገደማ ሰው ነበር፣ ከዚህ ውስጥ አይሁዶቹ 84 ሺህ ገደማ ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ፓርላማ ብታቋቁም ብዙኃኑ አረብ ነው፣ የሚያወጣው የመጀመሪያ ሕግም የአይሁድን ፍልሰት የሚዘጋ ነው። ስለዚህ አንዱን ግዴታ ከፈጸምክ ሌላውን ታፈርሳለህ።

እንግሊዝ ያደረገችው ፓርላማውን መተው ነው። አረብና አይሁድ አንድ አዳራሽ ተቀምጠው የሚሟገቱበት፣ የሚሸናነፉበት፣ የሚደራደሩበት ቦታ በዚያ ሁሉ ዘመን አልተፈጠረም። ክርክሩ ቦታ ሲያጣ ጎዳና ወጣ። የከሸፈውም በዚህ ነው እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

ጎጃሜው ጻፈ፦

ወንድሜ ጥሩ ጽፈሃል፤ ግን ክህደቱን አቃለልከው። በ1915 እና 1916 ግብፅ የነበረው ከፍተኛ ኮሚሽነር ማክማሆን ለመካው ሸሪፍ ሁሴን በደብዳቤ የአረብ ነጻነት ቃል ገባለት። ወዲያው በሜይ 1916 እንግሊዛዊው ሳይክስና ፈረንሳዊው ፒኮ ምድሩን ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ካርታ ላይ ተካፈሉት። በኖቬምበር 2 ቀን 1917 ደግሞ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ባልፎር ለሎርድ ሮትሽልድ ለአይሁድ በፍልስጤም ብሔራዊ መኖሪያ ቃል የገባባትን ያቺን ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላል ያገራችን ሰው፤ እነሱ ሦስት ላይ ለመውጣት ሞከሩ። ባልፎር ደብዳቤው ውስጥ ዘጠና በመቶ የሚሆነውን ሕዝብ «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ብሎ ነው የጠቀሰው። የዜግነትና የሃይማኖት መብታቸው አይነካም አለ፤ ስለ ፖለቲካ መብታቸው አንድም ቃል የለም። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ያስፈልጋል?

የታሪክ መደርደሪያ ጻፈ፦

ጎጃሜው፣ የፖለቲካ መብቱ ላይ ያነሳኸው ነገር የእኔንም ክርክር ያጠናክራል። ግን ኢራቅን አስብ። የአረብ ነጻነት ተስፋ ኢራቅንም ይመለከት ነበር፣ እሷም በሞግዚት አስተዳደር ሥር ገባች። በ1920 እዚያ የተነሳው አመፅ ፍልስጤም በዚያ ዓመት ካየችው ሁከት እጅግ ይበልጣል። ከዚያ እንግሊዝ የሸሪፍ ሁሴንን ልጅ ፋይሰልን አነገሠች፣ ፓርላማ ተቋቋመ፣ በ1932 ኢራቅ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ነጻነቱ ሙሉ አልነበረም፤ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሰፈሮቹን አልለቀቀም። ቢሆንም መውጫ በር ነበረው። ፍልስጤም ግን ያ በር የላትም፤ ምክንያቱም ራስን ማስተዳደር የመጣ ቀን የሰነዱ ሌላኛው ግማሽ ይሞታል። ገዢዋ ያቺው አገር፣ ዘመኑም ያው፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። ልዩነቱን ክህደት ብቻውን አያስረዳውም።

ከቤር ሼቫ ጻፈች፦

ጤና ይስጥልኝ። የሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ፤ የአይሁዱ ፍልሰት ከለንደን የታዘዘ ፕሮጀክት ብቻ ይመስል ነው የምትጽፉት። ሰዎቹ ለምን መጡ? አሜሪካ በ1924 በሯን በኮታ ዘጋች። ሂትለር በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን ያዘ። በ1938 ኤቪያን ላይ ሠላሳ ሁለት አገሮች ተሰብስበው ስለ ስደተኞቹ ተነጋገሩ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል አዝነናል ብለው በራቸውን እንደዘጉ ተለያዩ። ቁጥሩን እዩት፤ በ1931 ወደ ፍልስጤም የገባው አይሁድ 4 ሺህ ገደማ ነው፣ በ1935 ከ60 ሺህ በላይ። ይህን ያመጣው የባልፎር ደብዳቤ ሳይሆን በርሊን ነው።

ስለ ስትሩማም ላንሳ። በዲሴምበር 1941 ከሩማንያ የተነሳች አሮጌ መርከብ ናት፣ 800 ያህል ሰው ጭና ኢስታንቡል ደረሰች፣ ሞተሯ ተበላሽቶ ነበር። እንግሊዝ የመግቢያ ፈቃድ አልሰጥም አለች፣ ቱርክም ከመርከብ አላወርድም አለች። ከሁለት ወር በላይ ወደብ ላይ ከቆመች በኋላ ሞተሯ በማይሠራበት ሁኔታ ጎትተው ጥቁር ባሕር ላይ ተዉአት። በማግሥቱ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ መታት። አንድ ሰው ብቻ ተረፈ። ይህን የሰማ የፍልስጤም አይሁድ የትኛውን የእንግሊዝ ሕግ ያክብር? ለእኔ የእንግሊዝ ሥልጣን በአይሁዱ ልብ ውስጥ የሞተው ያን ጊዜ ነው። ፓርላማ ቢኖርም ባይኖርም።

የደሴዋ ጻፈች፦

እህቴ፣ የስትሩማን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ግን በርሊን ለሠራችው ግፍ ከፋዩ ለምን የጃፋና የገሊላ ገበሬ ይሁን? አረቦቹ ያኔ የጠየቁት ይህንን ነው፣ መልስ የሰጣቸው ግን የለም።

ፓርላማ የሚለው ነገር ሩቅ ይመስላል፤ ገበሬው ግን በየቀኑ ኖሮታል። በ1920ዎቹ ቤይሩት የሚኖሩት ሱርሶክ የሚባሉ ባለርስቶች የመርጅ ኢብን ዓሚርን ሸለቆ ሰፋፊ መሬት ለአይሁድ ተቋማት ሸጡ። ሻጩ ቤይሩት ነው፣ ገዢው ገንዘቡን ከፍሏል፣ ወረቀቱ ሕጋዊ ነው፣ መሬቱን ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ ግን ውጣ ተባለ። ጭሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብለት የመረጠው ተወካይ አልነበረውም። መሬቱን ሕግ ወስዶበት ሕጉን የሚያወጣው ሰው ደግሞ ከለንደን የተሾመ ነው።

ከዚያ የ1936ቱ የአረቦች አድማ መጣ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር፣ ስድስት ወር! ሱቅ ተዘጋ፣ የጃፋ ወደብ ቆመ። መንግሥት ምን አደረገ? በጁን የጃፋን አሮጌ ከተማ ከፊሉን በፈንጂ አፈረሰ፤ ምክንያቱ ጠባብ መንገዱ ለወታደር አይመችም የሚል ነው። እስከ 1939 በቀጠለው አመፅ መንደር በጅምላ ይቀጣ ነበር፣ ቤት ይፈርስ ነበር፣ ሰው ይሰቀል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ አረቦች ሞቱ፣ መሪዎቹ ታሰሩ ወይም ተሰደዱ። የፍልስጤም አረብ ማኅበረሰብ 1948 ከመምጣቱ በፊት ወገቡ የተሰበረው ያኔ ነው።

ጀማሪ አንባቢ ጻፈ፦

የማላውቀውን እየተማርኩ ነው፣ ተባረኩ። ግን ይቅርታ፣ እንግሊዝ ፓርላማ ለማቋቋም ሞክራ አረቦቹ እምቢ አላሉም እንዴ? እንደዚያ ሲባል ሰምቻለሁ።

የታሪክ መደርደሪያ ጻፈ፦

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ክርክሩ የሚጋጋለውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሙከራ ነበር።

የመጀመሪያው የ1922ቱ ነው። 12 የተመረጡ አባላት ይኖሩታል፤ 8 ሙስሊም፣ 2 ክርስቲያን፣ 2 አይሁድ። ከእነሱ ጋር 10 ባለሥልጣናት ይቀመጣሉ፣ ሰብሳቢው ራሱ ከፍተኛ ኮሚሽነሩ ነው። ደምሩት፤ መንግሥት ከሁለት አይሁዶች ጋር ከሆነ አረቦቹን ሁልጊዜ ይበልጣቸዋል። በዚያ ላይ ምክር ቤቱ የሞግዚት አስተዳደሩን ሰነድ የሚቃረን ሕግ ማውጣት አይችልም። አረቦቹ በ1923 ምርጫውን አድመው ቀሩ። ብዙ ጸሐፊዎች ትልቅ ስህተት ነበር ይላሉ፣ ምክንያቱም ቢያንስ መድረክ ያገኙ ነበር። እኔም ወደዚያ አደላለሁ፤ እምቢ ያሉበትን ምክንያት ግን በደንብ እረዳለሁ። ገብተው ቢቀመጡ የባልፎርን መግለጫ ተቀበሉ ይባል ነበር።

ሁለተኛውን ሰው አያነሳውም። በ1935 መጨረሻ ከፍተኛ ኮሚሽነር ዎኮፕ 28 አባላት ያሉት ምክር ቤት ሐሳብ አቀረበ። ከመጀመሪያው የተሻለ ነበር፣ ከአረብ ፓርቲዎችም በዚህ ላይ ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆኑ ነበሩ። የአይሁድ አመራር ፈጽሞ አይሆንም አለ። በፌብሩዋሪና በማርች 1936 ራሱ የለንደን ፓርላማ ሐሳቡን አብጠልጥሎ ገደለው። አድማው የተጀመረው በኤፕሪል ነው! የአረብ ወጣት ከዚህ ምን ይማራል? በድምፅ የሚገኝ ነገር እንደሌለ ነው የተማረው።

ኮሚሽኖቹንም ተመልከቱ። ደም በፈሰሰ ቁጥር አንድ ኮሚሽን ይመጣል። በ1929 133 አይሁዶችና 116 አረቦች ሞቱ፣ ኬብሮን ላይ ብቻ 67 አይሁዶች ታረዱ። ኮሚሽን መጣ፣ አጠና። በኦክቶበር 1930 ፍልሰትንና የመሬት ሽያጭን የሚገድብ ሰነድ ከለንደን ወጣ። የጽዮናውያኑ (የአይሁድ ብሔራዊ ንቅናቄው) መሪ ቫይዝማን ተቃውሞ ከኃላፊነቱ ለቀቀ፣ ጩኸት ሆነ፣ በፌብሩዋሪ 1931 ጠቅላይ ሚኒስትር ማክዶናልድ በደብዳቤ ሰነዱን ባዶ አደረገው። አረቦቹ «ጥቁሩ ደብዳቤ» አሉት። ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ተማረ፤ ውሳኔው ኢየሩሳሌም ውስጥ አይደለም፣ ለንደንን ማስጨነቅ የቻለ ያሸንፋል።

ጎጃሜው ጻፈ፦

ይህ አሳመነኝ ባልልም እንዳስብ አድርጎኛል። ግን የእኛን አገር ታሪክ የሚነካ ነገር ልጨምር። ኮሎኔል ዊንጌትን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አዲስ አበባ በስሙ ትምህርት ቤት አለ። በ1941 ከጌዴዎን ጦር ጋር ከጃንሆይ ጎን ሆኖ በጎጃም የገባው እሱ ነው፣ አያቶቻችን ከእሱ ጋር ተዋግተዋል። ይሄው ሰው በ1938 ፍልስጤም ውስጥ የእንግሊዝ ወታደሮችንና የሃጋና (የአይሁዶቹ የመከላከያ ጦር) ወጣቶችን አንድ ላይ አድርጎ የሌሊት ጦር አቋቋመ፣ የአረብ አመፀኞችን መንደር ለመንደር ያሳድድ ነበር። እነሞሼ ዳያን የእሱ ተማሪዎች ናቸው። አለቆቹ ከአይሁዶቹ ጋር በጣም ተጣበቀ ብለው በ1939 ከዚያ አነሱት፣ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከሉት። እና እንግሊዝ ገላጋይ ነበረች የሚል ሰው ካለ ይህን ያስረዳኝ። በአንድ እጇ ሃጋና ሕገወጥ ነው ትላለች፣ በሌላው ታሠለጥነዋለች።

የደሴዋ ጻፈች፦

ጎጃሜው፣ ከጠቀስክ አይቀር፤ ጃንሆይ ራሳቸው በሜይ 1936 ሃይፋ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሲደርሱ ያ አድማ ገና መጀመሩ ነበር። ኢየሩሳሌም ሄደው ንጉሥ ዳዊት ሆቴል አረፉ። አገራቸውን የተነጠቁ ንጉሥ፣ አገራችን ልትነጠቅ ነው በሚል አድማ በተዘጋ ከተማ ውስጥ። እዚያ የነበሩት መነኮሳቶቻችን ሁለቱንም ነገር በዓይናቸው አይተዋል። በኖቬምበር 1938 ደግሞ የቻምበርሌን መንግሥት ጣልያን ኢትዮጵያን መያዟን አጸደቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጻፈ፦

ይሄ የመጨረሻው በጣም ቁልፍ ነው የደሴዋ፣ እናመሰግናለን። ምክንያቱም በሜይ 1939 ነጩን ወረቀት፣ ማለትም የፍልስጤም ፖሊሲውን መግለጫ፣ ያወጣው ያው የቻምበርሌን መንግሥት ነው። ሒሳቡም ያው ነው። ጦርነት እየመጣ ነው፣ የስዊዝ ቦይ አለ፣ ከኪርኩክ ሃይፋ የሚደርስ የነዳጅ ቧንቧ አለ፣ በህንድ ብዙ ሚሊዮን ሙስሊም አለ፣ ጣልያን በባሪ ሬዲዮ በአረብኛ ትቀሰቅሳለች። ማንን ብናስቀይም ይሻላል ብለው አሰቡ። አይሁዱ ከሂትለር ጋር ሊወግን አይችልም፣ አረቡ ግን ይችል ይሆናል። ስለዚህ በአምስት ዓመት 75 ሺህ አይሁድ ብቻ ይግባ፣ ከዚያ በኋላ ያለ አረብ ፈቃድ ማንም አይግባ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ነጻ መንግሥት ይቋቋም ተባለ። የአረብ ከፍተኛ ኮሚቴ ይህንንም አልተቀበለም። አይሁዱ ደግሞ በታሪኩ ከሁሉ በከፋ ሰዓት በር ተዘጋበት።

እኔ ግን በመደርደሪያው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አወቃቀሩ መጥፎ ነበር፣ እሺ። መጥፎ አወቃቀር ግን ገንዘብና ጦር ካለህ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። እንግሊዝን ያስወጣት ድህነት ነው። ከጦርነቱ ስትወጣ ባዶ ኪስ ነበረች፣ በ1946 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ፍልስጤም ውስጥ ግን 100 ሺህ ያህል ወታደር ትቀልብ ነበር። ትሩማን ከካምፕ የተረፉ 100 ሺህ አይሁዶች ይግቡ እያለ ይገፋታል፣ ለአበዳሪህ እምቢ ማለት ከባድ ነው። ኢርጉን የሚባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን በጁላይ 1946 ያንኑ ንጉሥ ዳዊት ሆቴል አፈነዳ፣ 91 ሰው ሞተ፤ እንግሊዝም አረብም አይሁድም። በፌብሩዋሪ 1947፣ በዚያ ብርድና የድንጋይ ከሰል እጥረት መሃል፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቤቪን ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት አስረከበ። ህንድን ለመልቀቅም የወሰኑት በዚያው ወር ነው። ግዛቱ ሁሉ ነው እየፈረሰ የነበረው።

ስም የለሽ 7 ጻፈ፦

ይህ ሁሉ ወሬ ነው፣ ዛሬ የሚሆነውን አታዩም? እነዚያ ሰዎች በተፈጥሯቸው

(ቀሪው በአወያይ ተነስቷል)

አወያይ ጻፈ፦

በሕዝብ ላይ በጅምላ መሳደብ እዚህ ቤት አይፈቀድም። የዛሬው ጦርነት ላይ መወያየት የፈለገ ሌላ ክር አለ። ይህኛው ከ1917 እስከ 1948 ነው። ቀጥሉ።

ጀማሪ አንባቢ ጻፈ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በ1937 እንከፋፍለው ተብሎ ነበር አይደል? ያኔ ለምን አልሆነም? ስንት ሰው ይተርፍ ነበር!

የታሪክ መደርደሪያ ጻፈ፦

የፒል ኮሚሽን ነው። ጁላይ 1937። የእንግሊዝ መንግሥት የላከው ቡድን ራሱ የሞግዚት አስተዳደሩ አይሠራም ብሎ በግልጽ የጻፈው ያኔ ነው፣ እኔ እዚህ ከምለው ብዙም አይርቅም። መፍትሔው ክፍፍል ነው አለ። ችግሩ ካርታው ላይ ነበር። ለአይሁድ በታሰበው ክፍል ውስጥ 225 ሺህ ገደማ አረቦች ይኖሩ ነበር፣ ኮሚሽኑም ካስፈለገ በግዴታ ይዛወሩ የሚል ሐሳብ አቀረበ። አረቦቹ ፈጽሞ አይሆንም አሉ። የጽዮናውያኑ ጉባኤ በዙሪክ ካርታውን አልወደደም፣ ለድርድር ግን በር ከፈተ። ከዚያ የለንደን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአረብ አገሮች ይነሱብናል ብሎ ፈራ። በ1938 ሌላ ኮሚሽን መጣ፣ ክፍፍሉ አይሠራም ብሎ ሄደ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ገንዘቡ መቼ እንደወጡ ያስረዳል። ለምን የሚያስረክቡት ሰው እንዳልነበረ ግን አያስረዳም። ህንድንም በዚያው ድህነት ነው የለቀቁት፤ እዚያ ግን የተመረጡ የክፍለ ሀገር ምክር ቤቶች ነበሩ፣ ፓርቲዎች ነበሩ፣ የሚረከብ ነበር። ፍልስጤም ላይ አይሁዶቹ በራሳቸው ጥረት የመንግሥት አካል ሠርተው ነበር፤ የአይሁድ ኤጀንሲ፣ ሂስታድሩት የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር፣ ሃጋና፣ የራሳቸው ትምህርት ቤት። የአረቦቹ ግን የሁሴይኒና የነሻሺቢ ቤተሰቦች ሽኩቻ ከፋፍሎት፣ የ1939 አፈና አድቅቆት ነበር። የጋራ የሆነ ምንም የለም።

ከቤር ሼቫ ጻፈች፦

ኤጀንሲውን እኛ ሶኽኑት የምንለው ነው፣ ቤተሰቦቻችንን ወደዚህ ያመጣው። ያኔም መንግሥት ሳይኖር መንግሥት ነበር።

ስለ ድምፁ ማንም አላነሳም። በኖቬምበር 29 ቀን 1947 ክፍፍሉ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ33 ድጋፍ፣ በ13 ተቃውሞ፣ በ10 ድምፀ ተአቅቦ አለፈ። ከአሥሩ አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ሌላዋ እንግሊዝ ራሷ። ያን ያህል ዘመን የገዛችው አገር ላይ አዎም አይደለምም አላለችም። ከዚያም አላስፈጽምም አለች። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ቀደም ብሎ እንዳይገባ ከለከለች። በፌብሩዋሪ 1948 አገሩን ከስተርሊንግ ቀጣና፣ ማለትም ገንዘባቸው በፓውንድ ከሚደገፍ አገሮች ኅብረት፣ አስወጣች፣ ገንዘቡ መሠረት አጣ። በኤፕሪል ጦሯ ከሃይፋ ሰፈሮች በድንገት ለቀቀ፣ ሃጋና ገባ፣ አብዛኛው አረብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወጣ። በሌላ በኩል በዚያው ወር ወደ ሀዳሳ ሆስፒታል የሚሄዱ ሐኪሞችና ነርሶች መንገድ ላይ በአረብ ታጣቂዎች ለሰዓታት ሲገደሉ የእንግሊዝ ወታደር ቅርብ ነበር። ይህ ከአወቃቀር ያለፈ የኅሊና ጉዳይ ነው።

የደሴዋ ጻፈች፦

በዚህኛው እህቴ ካንቺ ጋር ነኝ። የአይሁድ ታጣቂዎች የአረብ መንደርተኛ የጨፈጨፉባት ዴር ያሲንም በዚያው ወር ነው፣ ፖሊሱም ጦሩም ገና አገሩ ውስጥ እያለ። ወደ 700 ሺህ ሰው ከቤቱ ወጣ፣ ግማሽ ያህሉ የእንግሊዝ ባንዲራ ሳይወርድ። ሕግና ሥርዓት ማስከበር የማንም ግዴታ ካልሆነ አስተዳደር ምን ማለት ነው?

መደርደሪያው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠንከር ያለ የጋራ ተቋም ቢኖር ይሠራ ነበር ብለህ ከልብህ ታምናለህ?

የታሪክ መደርደሪያ ጻፈ፦

ከልቤ። በ1920ዎቹ፣ ቁጥሩ ትንሽ፣ ሬሳው ጥቂት በነበረበት ጊዜ፣ ዕድል ነበረው ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬ ሃይፋ ናት። የከተማው ምክር ቤት የጋራ ነበር። ሐሰን ሹክሪ የሚባል አረብ ከንቲባ እስከ 1940 ከአይሁድ አባላት ጋር ሠራ፣ እሱ ሲሞት ሻብታይ ሌቪ የሚባል አይሁድ ተካው። ይጣሉ ነበር፤ ግን በውኃ፣ በመንገድ፣ በግብር ነበር የሚጣሉት። በኤፕሪል 1946 ደግሞ፣ ሁሉም ነገር ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ የፖስታና የባቡር ሠራተኞች አረብና አይሁድ አንድ ላይ አድማ መቱ፣ ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞችም ተከተሏቸው። አንድ አሠሪ ስለነበራቸው አንድ ላይ መጠየቅ ቻሉ።

ከቤር ሼቫ ጻፈች፦

ደመወዝ ላይ መስማማትና «ማን ይግባ» በሚለው ላይ መስማማት አንድ አይደለም ወንድሜ። በ1938 ቪዬና ላለው ሰው የሃይፋ ምክር ቤት ምን ይፈይድለታል? በሩን የሚከፍት ያስፈልገው ነበር፣ ድምፅ ቢሰጥበት ደግሞ ይዘጋ ነበር።

የታሪክ መደርደሪያ ጻፈ፦

ይህንን ጥያቄ የሚመልስ ምክር ቤት አላውቅም፣ እውነትሽን ነው። እኔ የምለው ግን ከ1922 እስከ 1933 አሥራ አንድ ዓመት ነበራቸው፣ ያንን ጊዜ ደብዳቤ ሲጽፉና ሲሽሩ ነው የጨረሱት። ትራንስጆርዳን ላይ ለብቻው ክር እከፍታለሁ፤ ስለ ገዢዋ አብዱላህ የምታውቁትን ይዛችሁ ኑ።